ባለብዙ ሶኬት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎችን በመኖሪያ ቤት በጥንቃቄ ስለመጠቀም

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በመርካቶና በአካባቢው በሚገኙ መኖሪያ ቤቶች፣ አንድ ክፍል ብዙውን ጊዜ ያለው የግድግዳ ሶኬት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ቤቶቹ በተሠሩበት ዘመን የኤሌክትሪክ አገልግሎት በአብዛኛው ለመብራትና ለሬዲዮ የሚውል ነበር። ዛሬ ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ማቀዝቀዣ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማፍያ፣ ካውያና የስልክ ባትሪ መሙያዎች በአንድነት አገልግሎት ይሰጣሉ። ይህን ክፍተት ለመሙላት ነዋሪው በገበያ ስሙ «ዲቫይደር» ወይም «ኤክስቴንሽን» የሚባለውን ባለብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ይጠቀማል።

ማከፋፈያው በአግባቡ ከተመረጠና በልኩ ከተያዘ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲጫን ግን ለእሳት አደጋ መነሻ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ በመርካቶ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሻው ቤቶችና ሱቆች ጀርባ ለጀርባ የተያያዙ፣ መተላለፊያዎች ጠባብ፣ በየቦታው የሚከማቸው ጨርቅ፣ ካርቶንና ፕላስቲክም በቀላሉ ተቀጣጣይ በመሆናቸው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የደረሰው ከፍተኛ የእሳት አደጋ፣ በአካባቢው እሳት አንዴ ከተነሳ በኋላ በቁጥጥር ሥር ማዋል ምን ያህል አዳጋች እንደሆነ አሳይቷል፤ የመንገዶቹ ጥበትም ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራ እንቅፋት ነበር። ስለሆነም በአንድ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ ከግድግዳው ማዶ የሚኖረውን ጎረቤት ሕይወትና ንብረትም ይጠብቃል።

በአንድ ስም የሚሸጡ ሦስት ዓይነት ዕቃዎች

በገበያ ላይ «ዲቫይደር» ተብለው የሚቀርቡት ዕቃዎች በመልክ ይመሳሰላሉ እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ተራ ማከፋፈያ ነው። ገመድና ሶኬቶች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ አንዳንዱ ማብሪያና ማጥፊያ ከትንሽ ቀይ መብራት ጋር ይኖረዋል። ይህ መብራት ኃይል መኖሩን ከማሳየት ያለፈ የመከላከል ተግባር የለውም።

ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ ጭነት ሲኖር ኃይል የሚያቋርጥ ብሬከር ያለው ማከፋፈያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ ወይም በጫፉ ላይ ትንሽ የምትጫን ቁልፍ ትገኛለች። ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ ቁልፏ ብቅ ትላለች፤ ጭነቱ ተቀንሶ ቁልፏ ተመልሳ እስክትጫን ድረስም ኃይል አይተላለፍም።

ሦስተኛው ከድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ የሚከላከል፣ በተለምዶ «ሰርጅ ፕሮቴክተር» የሚባለው ነው። ይህ ዓይነቱ በውስጡ ቫሪስተር የሚባል አካል ያለው ሲሆን ተግባሩ በማከፋፈያው ላይ የተሰኩትን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መጠበቅ ነው።

በተጠቃሚው ዘንድ በስፋት የሚታየው ስህተት የሦስተኛው ዓይነት ባለቤት መሆን ከሁሉም አደጋ ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ነው። የሰርጅ መከላከያ ቴሌቪዥኑን ከድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ ሊያድን ይችላል። ገመዱ ከአቅም በላይ በሆነ ጭነት እንዳይግል ግን አያደርግም። ለዚህ የሚያገለግለው ብሬከሩ በመሆኑ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚመረጠው ሁለቱንም መከላከያዎች አጣምሮ የያዘ ማከፋፈያ ነው።

ቀዳዳ ይበዛል፤ ኃይል ግን አይጨምርም

ማከፋፈያ የሶኬት ቁጥር ያበዛል እንጂ ከግድግዳው ሶኬት የሚወጣውን የኃይል መጠን አይጨምርም። በስድስት ሶኬቶች የሚከፋፈለው ኃይል በሙሉ የሚያልፈው በአንድ ገመድና በአንድ ተሰኪ ነው።

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የማከፋፈያን አቅም ለማወቅ በላዩ የተጻፈውን የአምፔር መጠን በ220 ማባዛት በቂ ነው። 10 አምፔር የሚል ማከፋፈያ እስከ 2200 ዋት፣ 16 አምፔር የሚል ደግሞ እስከ 3520 ዋት ይሸከማል ማለት ነው።

ለምሳሌ በአንድ ባለ 10 አምፔር ማከፋፈያ ላይ 100 ዋት ቴሌቪዥን፣ 20 ዋት ሪሲቨር፣ 150 ዋት ማቀዝቀዣና በድምሩ 40 ዋት የሚወስዱ ሁለት የስልክ ባትሪ መሙያዎች ቢሰኩ ጠቅላላ ጭነቱ 310 ዋት ብቻ ነው። በዚሁ ላይ 1500 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲጨመር 1810 ዋት ይደርሳል፤ አሁንም ከልኩ አላለፈም። ነገር ግን ቡና ሊፈላ ሲል 1800 ዋት የውሃ ማፍያ ቢጨመር ጭነቱ ወደ 3610 ዋት፣ ማለትም ከ16 አምፔር በላይ ያድጋል። በገመድ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በኤሌክትሪኩ ፍሰት ልክ ብቻ ሳይሆን በፍሰቱ እጥፍ ብዜት ነው፤ ፍሰቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም በዚህ ምሳሌ በገመዱ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ገመዱ ሊሸከመው ከሚገባው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው።

የቤቱ ዋና ብሬከር በእንዲህ ያለ ጊዜ ኃይል ያቋርጣል ብሎ መተማመንም አይገባም። የቤቱ ብሬከር 20 ወይም 25 አምፔር ከሆነ የ16 አምፔር ፍሰት ለእሱ የተለመደ ጭነት ነው። ብሬከሩ ምንም ችግር ሳያይ የማከፋፈያው ቀጭን ገመድ ሊቀልጥ ይችላል።

የእንጀራ ምጣድ በማንኛውም ማከፋፈያ ላይ ሊሰካ አይገባም። በአገራችን በጥቅም ላይ ያሉት ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ከ3000 ዋት በላይ የሚወስዱ ሲሆን ጋገራው ረዘም ላለ ጊዜ ያለማቋረጥ ይቀጥላል። ምጣድ ራሱን የቻለ መስመር፣ ተመጣጣኝ ውፍረት ያለው ገመድና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። የገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ፣ የክፍል ማሞቂያና ትልልቅ ምድጃዎችም በዚሁ መልክ የሚታዩ ናቸው።

የሰርጅ መከላከያ የሚሠራውና የማይሠራው

ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ የሚከሰተው ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ፣ በአቅራቢያ ያሉ ትልልቅ ሞተሮች ሲነሱና ሲጠፉ እንዲሁም በክረምት ወራት መብረቅ በመስመሩ አቅራቢያ ሲወድቅ ነው። ጭማሪው የሚቆየው እጅግ አጭር ለሆነ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜም በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች ለሚለካ ጊዜ ብቻ ነው። በማከፋፈያው ውስጥ ያለው ቫሪስተር በተለመደው ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ በራሱ ውስጥ እንዲያልፍ አይፈቅድም። ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ግን በቅጽበት መንገድ ከፍቶ ትርፉን ኃይል ከዕቃዎቹ ያርቃል።

ይህ መከላከያ ሦስት ገደቦች አሉት።

አንደኛ፣ ያልቃል። ቫሪስተሩ ጭማሪ በተቀበለ ቁጥር አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። መከላከያው ካለቀ በኋላም ሶኬቶቹ እንደ ተራ ማከፋፈያ መሥራታቸውን ስለሚቀጥሉ ተጠቃሚው ለውጡን ላያስተውል ይችላል። ጥሩ ማከፋፈያዎች መከላከያው በሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ከማብሪያው የተለየ መብራት አላቸው። ይህ መብራት ከጠፋ ማከፋፈያው መቀየር ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የቮልቴጅ መዛባትን አይከላከልም። የኒውትራል መስመር ሲላላ ወይም ሲበጠስ የቤት ውስጥ ቮልቴጅ ከ220 እጅግ ከፍ ብሎ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቫሪስተሩ ራሱ ግሎ ይቃጠላል። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ ኃይል የሚያቋርጠውና ከተስተካከለ በኋላ ጥቂት ቆይቶ የሚመልሰው በተለምዶ «ፍሪጅ ጋርድ» የሚባለው መሣሪያ ነው። የሚዋዥቅ ቮልቴጅን የሚያስተካክለው ደግሞ ስታቢላይዘር ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ቤተሰብ ከሰርጅ መከላከያ ይልቅ ቅድሚያ የሚያስፈልገው ከእነዚህ አንዱ ነው።

ሦስተኛ፣ በቤቱ ላይ ወይም በቅርብ ምሰሶ ላይ በቀጥታ ከወደቀ መብረቅ አያድንም። ነጎድጓድ ሲሰማ አስተማማኙ መፍትሔ ዕቃዎቹን ከሶኬት መንቀል ነው። መብረቅ በዲሽ ገመድ በኩልም ሊገባ ስለሚችል የዲሽ ገመዱም ከሪሲቨሩ መለየት አለበት። መንቀሉ የሚከናወነው ነጎድጓዱ ከመቅረቡ በፊት ነው።

የመሬት መስመር አስፈላጊነት

አብዛኞቹ የሰርጅ መከላከያዎች ትርፉን ኃይል ከሚያስወግዱባቸው መንገዶች አንዱ የመሬት መስመር (ግራውንድ) ነው። በቀድሞ ጊዜ በተሠሩ ብዙ ቤቶች ግን ወደ ሶኬቱ የሚመጡት ገመዶች ሁለት ብቻ ሲሆኑ የመሬት መስመር የላቸውም። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ውድ ዋጋ የተከፈለበት መከላከያ ከሚጠበቅበት አገልግሎት የተወሰነውን ብቻ ይሰጣል። ከዚህም በላይ የብረት አካል ያላቸው ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ካውያ፣ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ፣ የውስጥ ብልሽት ሲገጥማቸው ሰው ሊይዙ ይችላሉ።

የማከፋፈያው የሶኬት ዓይነትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በአገራችን የተለመደው ባለ ሁለት ክብ ጣት ተሰኪ የመሬት መስመሩን የሚያገኘው በጎንና በጎኑ ባሉ የብረት ንክኪዎች ነው። በገበያ ላይ የሚበዙት ማንኛውንም ዓይነት ተሰኪ የሚቀበሉ ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያዎች ግን በጎን በኩል ንክኪ የላቸውም። ዕቃው ይሠራል፤ የመሬት መስመሩ ግን ተቋርጧል። ቀዳዳዎቹ ለሁሉም እንዲሆኑ ሰፋ ተደርገው ስለሚሠሩም ተሰኪውን አጥብቀው አይይዙም። የላላ ንክኪ ደግሞ ጭነቱ አነስተኛ ሆኖ ሳለ እንኳ ብልጭታና ሙቀት ይፈጥራል። ስለዚህ በጎን በኩል የብረት ንክኪ የሚታይባቸውና ተሰኪውን አጥብቀው የሚይዙ ሶኬቶች ያሉት ማከፋፈያ ተመራጭ ነው።

በግዢ ወቅት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በጅምላና በችርቻሮ ወደ መላ አገሪቱ የሚሠራጩበት ገበያ እንደመሆኑ ጥሩውም መጥፎውም ምርት ጎን ለጎን ይገኛል። ገዢው የሚከተሉትን ነጥቦች ማጣራት ይኖርበታል።

• ቮልት፣ አምፔርና ዋት በዕቃው አካል ላይ በግልጽ መጻፋቸውን ማየት። በማሸጊያው ላይ ብቻ የተጻፈ መግለጫ በቂ አይደለም።

• የገመዱን ውፍረት ማየት። 16 አምፔር የሚል ማከፋፈያ ገመድ በተለምዶ የውስጥ ሽቦው 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሲሆን መጠኑ በገመዱ ሽፋን ላይ ይታተማል። «3500 ዋት» ተብሎ በላዩ እየተጻፈ ገመዱ እንደ ስልክ ባትሪ መሙያ ገመድ የቀጠነ ማከፋፈያ ጽሑፉ እውነት ሊሆን አይችልም።

• የዕቃውን ክብደት መመዘን። እጅግ የቀለለ ማከፋፈያ የውስጥ ብረቱ የሳሳ ወይም ሽቦው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። አልሙኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ ይልቅ ይግላል።

• የሰርጅ መከላከያ ከሆነ የመከላከል አቅሙ በጁል መገለጹን፣ መከላከያው በሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ መብራት መኖሩንና የጭነት ብሬከር ያለው መሆኑን ማረጋገጥ።

• ደረሰኝ መቀበል። ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት ለመጠየቅ የሚያስችለው ደረሰኙ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚላኩ ማከፋፈያዎችን በሚመለከት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት በመሆኑ በዚያ አገር የሚሸጠው የሰርጅ መከላከያ ከ220 ቮልት ጋር አይስማማም። «125 ቮልት፣ 15 አምፔር» የሚል ጽሑፍ ያለበት መከላከያ በአስማሚ አማካይነት በአገራችን ሶኬት ላይ ሲሰካ ቫሪስተሩ መደበኛውን 220 ቮልት እንደ አደገኛ ጭማሪ ይቆጥረዋል፤ ያለማቋረጥ ስለሚያስተላልፍም ወዲያው ግሎ ሊፈነዳ ወይም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የሚሰካው ላፕቶፕ ወይም ስልክ እስከ 240 ቮልት የሚሠራ መሆኑ ማከፋፈያውን ከዚህ አያድነውም።

የቤት ውስጥ አቀማመጥና አያያዝ

ማከፋፈያ ጊዜያዊ መፍትሔ እንጂ የቋሚ መስመር ምትክ አይደለም። በአጠቃቀም ረገድ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች መደረግ አለባቸው።

• በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ አለመሰካት። የሁለቱ ጭነት ተደምሮ የሚያልፈው በመጀመሪያው ገመድ ነው።

• ገመዱን በምንጣፍ ወይም በፍራሽ ሥር አለማሳለፍ። የተሸፈነ ገመድ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ሲረገጥም ሽፋኑ ይቆስላል። በበዓል ወቅት የሚጎዘጎዘው ቄጤማ እርጥበት ያለው በመሆኑ ማከፋፈያው ከመጎዝጎዙ በፊት ከወለል መነሳት አለበት። የከሰል ምድጃና የዕጣን ማጨሻም ከገመዱ መራቅ ይኖርባቸዋል።

• ማከፋፈያውን ወለል ላይ ከማኖር ይልቅ ውሃ በማይደርስበትና ሕፃናት በማይነኩት ከፍታ ግድግዳ ላይ ማያያዝ። ወለል የሚታጠበው ማከፋፈያው ከተነቀለ በኋላ ነው።

• ገመዱን በምስማር አለመቸንከር፣ በበርና በመስኮት መካከል አለማሳለፍ፣ ጠቅልሎ ወይም አስሮ አለመጠቀም።

• ቆጥ ባላቸው ቤቶች ማከፋፈያውን ከመኝታ ልብስና ከአቡጀዲ ኮርኒስ ማራቅ። እሳትና ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጡ ቆጥ ላይ የሚተኛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለአደጋ ይጋለጣል።

• የተላጠ ገመድን በፕላስተር ጠቅልሎ ከመቀጠል ይልቅ ማከፋፈያውን መቀየር።

አንድ ማከፋፈያ ከአቅሙ በላይ መጫኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ዕቃዎቹ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ ገመዱና ተሰኪው በደረቅ እጅ ጀርባ ሲዳሰሱ በግልጽ የሚሞቁ ከሆነ ጭነቱ መቀነስ አለበት። የጠቆረ ሶኬት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የመንጣጣት ድምፅ ወይም ብልጭታ ከታየ ደግሞ ማከፋፈያው ወዲያውኑ ከአገልግሎት ውጪ መሆን ይኖርበታል።

ኃይል ሲቋረጥና ሲመለስ

ኃይል ሲቋረጥ በመጀመሪያ ምድጃን፣ ካውያንና የውሃ ማፍያን መንቀል ያስፈልጋል። እነዚህ ዕቃዎች ተሰክተው ከተረሱ ኃይሉ ሲመለስ ቤት ውስጥ ሰው ላይኖር ይችላል። ቀጥሎ ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን መንቀል፣ አንድ አምፖል ብቻ እንዲበራ አድርጎ መተው ይመከራል። ኃይሉ ከተመለሰና የአምፖሉ ብርሃን ሳይዋዥቅ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መሰካት ተገቢ ነው። አምፖሉ ከተለመደው በላይ ከደመቀ ወይም እየደመቀና እየፈዘዘ ከሄደ ምንም ዕቃ ሳይሰኩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በነፃ የስልክ መስመር 905 ማሳወቅ ይገባል።

አደጋ ቢከሰት

ከማከፋፈያ ጭስ ወይም እሳት ከታየ የመጀመሪያው ርምጃ በዋናው ብሬከር ኃይሉን ማቋረጥ ነው። የቤተሰቡ አባላት በሙሉ የብሬከሩን ቦታ ሊያውቁ ይገባል፤ ቆጣሪው ለብዙ አባወራዎች የጋራ በሆነበት ግቢ ውስጥም ብሬከሩ የሚገኝበት ሥፍራ ያልተቆለፈና ያልተዘጋ መሆን አለበት። ኃይሉ ሳይቋረጥ ውሃ መድፋት ለኤሌክትሪክ አደጋ ያጋልጣል። ለዚህ የሚያገለግለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ነው። እሳቱ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ኮርኒስ ከተሸጋገረ ንብረት ለማውጣት ሳይዘገዩ ሰዎችን ማስወጣት፣ ጎረቤትን ማስጠንቀቅና ወደ እሳት አደጋ መከላከያ በ939 መደወል ያስፈልጋል። ደዋዩ የሰፈሩን ወይም የተራውን ስምና ተሽከርካሪ የሚገባበትን አቅጣጫ ቢገልጽ ጊዜ ይቆጥባል።

በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው በእጅ ነክቶ ለማስለቀቅ መሞከር አይገባም። በቅድሚያ ኃይሉ ይቋረጣል። ይህ ካልተቻለ ብቻ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከሰውየው ማራቅ ይቻላል። ከዚያም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ዘላቂው መፍትሔ

በአንድ ክፍል ውስጥ ማከፋፈያዎች ሁልጊዜ ሙሉ ሆነው የሚታዩ ከሆነ ይህ የሚያመለክተው የቤቱ የውስጥ መስመር ለቤተሰቡ ፍላጎት ያነሰ መሆኑን ነው። ተጨማሪ ማከፋፈያ መግዛት ችግሩን አይፈታም። መፍትሔው የብቃት ማረጋገጫ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተጨማሪ የግድግዳ ሶኬቶችን፣ የመሬት መስመርንና ለምጣድ የተለየ መስመርን ማስገባት ነው። ለኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በመሆኑ ነዋሪው ሥራውን ከመስጠቱ በፊት የባለሙያውን ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል። በኪራይ ወይም በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ተከራዮች ይህን ዓይነቱን ሥራ ከአከራያቸው ጋር በመነጋገር፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ አባወራዎች ደግሞ ወጪውን በመጋራት ማሠራት ይችላሉ።

ይህ እስኪፈጸም ድረስ ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ብዙ አደጋዎችን ያስቀራል፦ ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካት፣ በማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ አለመጨመር፣ ከመኝታ በፊትና ከቤት ሲወጡ ማከፋፈያዎችን መንቀል።